ዝም አይነቅዝም አሉ

ሰሞኑን ሦስት ሆነን ቁጭ ብለን ነበር። አንዷ ቤቷ ሆና ድምፅ የምትሠራ ልጅ ናት። ማስታወቂያም ትረካም፣ ያገኘችውን ታነባለች። ማንም አላስተማራትም። ሌላው ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ዲግሪያቸው ከሳቸው ቀድሞ ቤት ይገባል።

«የት ተማርሽው?» አሏት።

«ራሴ ነኝ የተማርኩት።»

«ስቱዲዮሽስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ።»

ሳቁ። ከዚያ የሚወዷትን ተረት አመጧት፤ «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ክርክራቸው ይቺው ናት። ማውራት ማንም ያውቃል፣ ስለዚህ ሙያ አይደለም። ሙያ ቢሆንማ ወረቀት ይኖረው ነበር። ስቱዲዮ ማለት ደግሞ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ክፍል ነው። ካርቶኑ ይህን ያህል እንደማይረባ፣ የተሰቀለ ካፖርትና ብርድ ልብስ እንደሚሻል ነገረቻቸው። «ዝም አይነቅዝም» አሉ። መልስ መሆኑ ነው።

እኔ አንድ ቀን ስትቀዳ አይቻታለሁ። መጀመሪያ ፍሪጁን ነቀለች። ከዚያ የቤት ቁልፏን ፍሪጁ ውስጥ ከተተችው። «ምን ነካሽ?» ስላት፣ «መልሼ መሰካቱን እንዳልረሳ። ያለ ቁልፍ የትም አልሄድ!» አለችኝ። ልብሶቹ መሃል ገባች። ማይኩን ከአፏ አንድ ስንዝር አርቃ ትንሽ ወደ ጎን አዞረችው፤ «ፓ» ስትል ትንፋሿ እንዳይመታው። ከዚያ ምንም ሳትናገር ቀዳች። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ! የክፍሉን ዝምታ ነው የምትቀዳው፤ በኋላ ኤዲት ስታደርግ የቆረጠችበትን ትሞላበታለች። የድምፅ መጽሐፍ የሚቀበለው ኤሲኤክስ፣ የጀርባው ድምፅ ከ-60 ዴሲቤል ከበለጠ ቅጂውን አይቀበልም። እና ጋሼ፣ ዝምም ይነቅዛል። ፍሪጅ ይበላዋል፣ የላፕቶፕ ማራገቢያ ይበላዋል።

ንባቡስ? «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ ነው፣ ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው። ፊደሉ አንድ ነው። ስለዚህ ከመቅዳቷ በፊት ወረቀቱን ይዛ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ ታደርጋለች። ይህን የትኛው ዲግሪ አስተማራት?

እኛ ግን እንዲህ ነን። ማይክ ጨብጦ ሁለት ሰዓት የሚለፈልፈውን «ተንታኝ» እንለዋለን፤ ወረቀት አምጣ ያለው የለም። አምስት ደቂቃ አንብባ ግማሽ ቀን የምታርመዋን ልጅ ግን ማስረጃ እንጠይቃታለን። ዘመኑ የተናጋሪ ሆኗል። ሁሉም ያወራል፣ የሚሰማ የለም፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚሉትም ራሳቸው ዝም ሲሉ አላየሁም።

ጋሼ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ስሚ እንጂ፣ መሥሪያ ቤታችን ሲደወል የምትመልስ ድምፅ ያስፈልገናል። ታነቢልናለሽ? መቼም ማውራት ነው፣ ገንዘብ አያስከፍልም» አሏት።

ዝም አለቻቸው።