ማስተካከያ፦ ከሕመም በኋላ ካሎሪ ስለመቀነስ

ከሕመም ተነሥተው ወደ ስፖርት ለሚመለሱ ሰዎች ባቀረብነው ጽሑፍ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ 500 ካሎሪ ቀንሱ» የሚለው ምክር እንደሚከተለው ይታረም። ቅነሳው የሚጀመረው ጉልበት ከተመለሰና የምግብ ፍላጎት ከተስተካከለ በኋላ ነው። አልጋ ላይ ሳሉ የሚጠፋው ክብደት ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ በቂ ምግብ ተመልሶ አይገነባም። ለሚያገግሙ አረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ።

ልምምድ በጀመራችሁ ሰሞን ሚዛኑ ከፍ ቢል እባካችሁ አትደንግጡ፣ ምግብም አትዝለሉ። ጡንቻ የሚያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን (ለጉልበት የሚውል የስኳር ክምችት) 3 ግራም ያህል ውኃ ስለሚይዝ ጭማሪው ስብ ላይሆን ይችላል።