ዳኞቻችን በየዓመቱ ሕግ ይፈተኑ

ልጁ ኳሷ ከሜዳ ሳትወጣ ለመድረስ ዘለለ። መሬት ላይ ወድቆ ያዛትና አንድ ሜትር ያህል አብሯት ተንሸራተተ። ተመልካቹ «ትራቭል!» ብሎ ጮኸ፤ ኳስ ይዞ ያለ አግባብ ተንቀሳቀሰ ማለቱ ነው። ዳኛውም ፊሽካውን ነፋ። ኳሷ ለተጋጣሚ ተሰጠች።

በቅርቡ በአንድ የታዳጊዎች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ያየሁት ነው። ልጁ ግን አላጠፋም። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሕግ፣ ኳስ ይዞ መውደቅም ሆነ መንሸራተት ይፈቀዳል። ጥፋት የሚሆነው ኳሷን እንደያዘ ከተንከባለለ ወይም ለመነሳት ከሞከረ ነው። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ ዳኛውን ጠየቅኩት። መንሸራተት ክልክል መሆኑን በሙሉ ልብ ነገረኝ። ሰውየው አላዳላም። ሕጉን አያውቀውም፣ በቃ። ከእረፍት በኋላ ኳሷ እዚያው ልጅ አጠገብ ስትንከባለል አልዘለለም። ቆሞ አያት። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አንዴ ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት መያዝ አይበቃም። ሕጉ ይለወጣላ! አንድ ቡድን ኳስ ይዞ እስኪወረውር የሚሰጠው የማጥቂያ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ30 ወደ 24 ሰከንድ ወረደ። በ2014 ደግሞ አጥቂው ቡድን ሪባውንድ ሲወስድ፣ ማለትም ቀለበቱን ነክታ የተመለሰችውን ኳስ መልሶ ሲይዝ፣ ሰዓቱ እንደገና ከ24 መጀመሩ ቀርቶ ከ14 ሆነ። በ2017 የእርምጃ አቆጣጠሩ ተቀየረ። እየሮጠ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች ሲይዛት መሬት ላይ ያለው እግር አይቆጠርበትም። የሚፈቀዱለት ሁለት እርምጃዎች የሚቆጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። በድሮው ዓይን የሚያይ ዳኛ ግን ዛሬም ይነፋበታል።

ፈተናው ደግሞ አንቀጽ መሸምደድ መሆን የለበትም። እንዲህ ይጠየቅ፦ አጥቂው ወረወረ። ኳሷ ቦርዱን ብቻ መትታ ተመለሰች፤ ቀለበቱን አልነካችም። የራሱ ቡድን ሰው ያዛት። ሰዓቱ ላይ 5 ሰከንድ ቀርቷል። አሁን ስንት ይሁን? ብዙ ሰው 14 ይላል። መልሱ 5 ነው፤ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። 14 የሚሰጠው ቀለበቱን ከነካች ነው። ዳኛ ይህን ሜዳ ላይ አስልቶ አይደርስበትም፤ ቀድሞ በደሙ ውስጥ መግባት አለበት። በቪዲዮ እያሳዩ መጠየቅ ቢቻል ደግሞ የተሻለ ነው።

«ልምድ ያለው ዳኛ ምን ይፈተናል?» የሚሉ አሉ። አሥር ዓመት ሙሉ አንዱን ስህተት ሲነፋ የኖረ ሰው እኮ ስህተቱንም ተለማምዶታል። ስለዚህ ከነባሮቹ ይጀመር። ውጤቱም ማንንም ማሸማቀቂያ አይሁን። ከፈተናው በኋላ አብረው ቁጭ ብለው፣ የሳቷቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይከራከሩባቸው።