የሽንት ማምለጥ ጥናቶች የሴቶችን ሕመምም ይለኩ

ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች በሚመለከቱ የሕክምና ጥናቶች ውስጥ በጥንቃቄ የሚለካው የፈሰሰው ሽንት ነው። ተሳታፊዋ የተጠቀመችበት ፓድ በሚዛን ይመዘናል፣ በቀን ስንት ጊዜ እንዳመለጣት ይመዘገባል፣ ያመለጣት ስትስልና ስታስነጥስ ይሁን ወይስ ድንገት አጣድፏት ተለይቶ ይጻፋል። ሕመሟ ግን፣ ከተጠየቀም፣ የሚጠየቀው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ከ0 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች አንዱን እንድትመርጥ በማድረግ ብቻ። የሕክምናን ውጤት በዚህ መንገድ መመዘን ሴቶችን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳቱ ከምርመራው ይጀምራል። የፊኛን ግፊት በሚለካው የዩሮዳይናሚክ ምርመራ ጊዜ አንድ ቀጭን ቱቦ በሽንት መሽኛ በኩል ወደ ፊኛ፣ ሌላው ደግሞ በፊንጢጣ ወይም በብልት በኩል ይገባል። ፊኛዋ ቀስ በቀስ በፈሳሽ እየተሞላ ሳለ ሴቲቱ ሽንቷ መቼ እንደመጣ ትናገራለች፣ ባለሙያዎች እያዩዋት እንድትስል ትጠየቃለች፣ በመጨረሻም ቱቦው ሳይወጣላት ትሸናለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሲሸኑ ማቃጠል የተለመደ ነው፤ አንዳንዶቹንም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በዚያ አልጋ ላይ ሕመምና እፍረት ተቀላቅለው ስለሚመጡ፣ «ብዙም አላመመኝም» የምትል ሴት ምን ያህሉን ዋጥ አድርጋ እንደተናገረች ከአንድ ቁጥር መረዳት አይቻልም።

ምርመራው ሕክምናዋን የሚያሻሽል ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መታገሥ ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ 630 ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት ይፋ ሆነ። ሁሉም ሲስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ሽንት የሚያመልጣቸው፣ ሌላ የሚያወሳስብ ችግር የሌለባቸውና ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ ነበሩ፤ ግማሾቹ ዩሮዳይናሚክ ሲደረግላቸው የቀሩት በሐኪም ክፍል በሚደረግ መደበኛ ምርመራ ብቻ አለፉ። ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው ከመጀመሪያዎቹ 76.9 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 77.2 በመቶ ሆነው ተገኙ። ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ለተደረገላት ወይም የነርቭ ሕመም ላለባት ሴት ምርመራው ዛሬም ይጠቅማል፤ በጥናቱ እንደተካተቱት ላሉ ሴቶች ግን በልማድ የሚታዘዝበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ የከፋው በቀዶ ሕክምናው ላይ የታየው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣው፣ የሽንት መሽኛውን ከሥር የሚደግፈው ሜሽ የተባለ የፕላስቲክ መረብ ብዙ ሴቶችን ከችግራቸው ገላግሏል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ስኬቱ በዋናነት የሚለካው ሽንቱ በመቆሙ ስለነበር፣ ሽንቷ ቆሞ መቀመጥና መራመድ ያቃታት፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትም ሥቃይ የሆነባት ሴት ተሳክቶላቸዋል ከተባሉት ጋር ትቆጠር ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ቀዶ ሕክምና ለጊዜው አቆመች። በ2020 ደግሞ ባሮነስ ጁሊያ ኩምበርሌጅ የመሩት ገለልተኛ አጣሪ ቡድን፣ ሴቶቹ ስለ ሕመማቸው ሲናገሩ ሰሚ ማጣታቸውን በሪፖርቱ አስፍሯል።

ሕመምን በአግባቡ መመርመር የሕክምናውን ምርጫ ራሱን ይለውጣል። ለሽንት ማምለጥ በቅድሚያ የሚታዘዘው ፊኛን ከሥር ደግፈው የሚይዙትን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ነው፤ ጥቅሙም በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። ሆኖም ጡንቻዋ ቀድሞውኑ ተኮማትሮ ሲነካ የሚያማት ሴት ይህንኑ ብትሠራ ሕመሟ ሊብስ ስለሚችል፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ጡንቻውን ማላላት ነው። ይህን ለመለየት ሐኪሙ ጡንቻውን በጣቱ ቀስ ብሎ እየተጫነ የት እንደሚያማት መጠየቁ ብዙ ይረዳል፤ ሕመም የሚጀምርበትን ግፊት በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያም አለ። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሕመምን ከምርመራው በፊት፣ በምርመራው ወቅትና ከሕክምናው ዓመታት በኋላ፣ ሲቀመጡም ሆነ በግንኙነት ጊዜ፣ ከሽንቱ እኩል ዋና ውጤት አድርጎ የማይመዘግብ የጥናት ዕቅድ ሲቀርብላቸው ማጽደቅ የለባቸውም።