ማስተካከያ፦ ስለ ሚክሰር መምቻ ሽቦ ውፍረት

ርካሽና ጠንካራ የሚክሰር መምቻ ስለመሥራት ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ የሽቦው ዲያሜትር ከ2 ወደ 2.5 ሚሊሜትር ሲያድግ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ በሩብ ብቻ እንደሚጨምር የተገለጸው ትክክል አይደለም። ይህ አቅም ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ሌላው ነገር ሳይለወጥ ወደ 2.4 እጥፍ ይደርሳል፤ የሚፈጀው ብረት ግን በ56 በመቶ ገደማ ይጨምራልና ወጪው ቀላል አይደለም። ደግሞም ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ መያዣው በሚገባበት ቦታ ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ስለታም ከሆነ በተደጋጋሚ የሚተጣጠፈውን ሽቦ እየፋቀ ለስንጥቅ ይዳርገዋል። ስለዚህ ሽቦውን ከማወፈር በፊት፣ ከሞላ ጎደል ወጪ የሌለውን የቀዳዳውን አፍ የማለስለስ ሥራ ማስቀደም ይሻላል። በዚያው ጽሑፍ «የማይዝግ» የተባለውም ሽቦውን ብቻ ይመለከታል እንጂ መያዣውን አይጨምርም፤ የአልሙኒየም መያዣ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ይጠቁራል።