ጣቱን ተዉትና ጆሮውን እዩት

የፒያኖ ኮንሰርቶ፣ ማለትም አንድ ፒያኒስት ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ረጅም ሙዚቃ፣ ወሬው ከተነሳ መጀመሪያ የሚወራው ስለ ጣት ነው። «ሲበር አየኸው?» ይባላል። «ያን ሁሉ ኖታ በቃሉ!» ይባላል። ደቡብ ኮሪያዊው ፒያኒስት ዩንቻን ሊም እ.ኤ.አ. በ2022 የቫን ክላይበርን የፒያኖ ውድድርን ሲያሸንፍ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በፍጻሜው የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የራክማኒኖቭን 3ኛ ኮንሰርቶ የተጫወተበትን ቪዲዮ ሚሊዮኖች አይተውታል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደ ሩጫ ነው፤ «ይደርሳል? ይሰናከላል?» እያልኩ።

ሌላ ቀን ደግሜ ስከፍተው ግን አጀማመሩ ላይ ቀረሁ። ፒያኒስቶችን በክብደቱ የሚያስፈራው ያ ኮንሰርቶ የሚጀምረው በአንዲት ቀላል ዜማ ነው። ሁለቱ እጆች ያችኑ ዜማ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ይዘዋት ይሄዳሉ። ኖታዎቹን መምታት ብቻ ከሆነ ጥቂት ዓመት የተማረ ልጅም ይወጣዋል። ከባዱ ነገር ከሥር ዝቅ ብሎ የሚሄደውን ኦርኬስትራ እየሰሙ፣ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ሰው መጫወት ነው። በነገራችን ላይ ሊም በዚያው ፍጻሜ የቤትሆቨንን 3ኛ ኮንሰርቶም ተጫውቷል። ስለዚያኛው ስንት ሰው አወራ?

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ዝነኞቹን ኮንሰርቶዎች ስንሰማ ፒያኒስቱን ብቸኛ ጀግና፣ ኦርኬስትራውን የመድረክ ጌጥ እናደርጋቸዋለን። የሙዚቃዎቹ ደራሲዎች ግን እንደዚያ አልጻፉትም። ብዙ ቦታ ላይ ፒያኒስቱ አጃቢ ነው።

የቻይኮቭስኪን 1ኛ ኮንሰርቶ ውሰዱ። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ መክፈቻውን ያውቀዋል። ሆርን የሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ይጣራሉ፤ ከዚያ ፒያኒስቱ በሙሉ እጁ ከታች እስከ ላይ ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ኖታ ባንዴ፣ ይመታል። እስቲ ያን መክፈቻ አንጎራጉሩት። አያችሁ? ከአፋችሁ የወጣው የቫዮሊኖቹና የቼሎዎቹ ዜማ ነው። ፒያኖው ቆይቶ ተራውን ያገኛል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ያ ሁሉ ላብ የሚፈሰው ሌላውን ለማጀብ ነው። በጉልበት ከሸፈናቸው ዜማው ጠፋ። ይባስ ብሎ ያ ዜማ አንዴ ካለፈ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። ፒያኒስቱ ኒኮላይ ሩቢንስታይን እ.ኤ.አ. በ1874 መጨረሻ ይህን ሥራ ሲሰማ ለፒያኖ አይመችም ብሎ አጣጥሎት ነበር። ቻይኮቭስኪ አልቀይርም አለ። በቀጣዩ ዓመት ሌላው ፒያኒስት ሃንስ ፎን ቢውሎ ቦስተን ላይ ተጫወተው። ሩቢንስታይንም ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ራሱ ተጫውቶታል። የታላቅ ሙዚቀኛ ጆሮም አንዳንዴ ጊዜ ይፈልጋል።

የራክማኒኖቭ 2ኛ ኮንሰርቶም ያው ነው። ፒያኖው እንደ ደወል ብቻውን ይጀምርና ትልቁ ዜማ ሲመጣ ለክር መሣሪያዎቹ ለቆላቸው ከሥራቸው ይገባል።

እኔን ግን ሁሌም የሚያስገርመኝ የቤትሆቨን 4ኛ ነው። በዚያ ዘመን ልማዱ ኦርኬስትራው ረጅም መግቢያ ተጫውቶ ፒያኖው እንደ ክብር እንግዳ ዘግይቶ እንዲገባ ነበር። ቤትሆቨን ገለበጠው። ፒያኒስቱ ማንም ሳይቀድመው፣ በዝግታና በለስላሳ ድምፅ ጥቂት ኮርዶች ይጫወታል። ከዚያ ዝም። ኦርኬስትራው የሚመልስለት ካልተጠበቀ፣ ከሩቅ ቅኝት ነው። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የክር መሣሪያዎቹ በአንድ ድምፅ ተቆጥተው ይናገራሉ። ፒያኖው ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለስለስ ብሎ ይመልሳል። እነሱ እንደገና ይቆጣሉ፤ እሱ እንደገና ይለሰልሳል። ቀስ በቀስ ቁጣው እየበረደ ሄዶ እነሱም ዝቅ ይላሉ። አምስት ደቂቃ ገደማ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ። ፈጣን ጣት እዚህ ምንም አይጠቅምም። ቤትሆቨን ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1808 ቪየና ውስጥ ለሕዝብ ተጫውቶታል፤ ጆሮው እየከዳው በነበረበት ጊዜ። ይህን ሳስብ የምለው ይጠፋኛል።

የፒያኒስቷን የማሪያ ዦዋው ፒረሽን ታሪክም ሰው የሚያወራው በተለመደው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አምስተርዳም ውስጥ፣ ሕዝብ በተገኘበት የምሳ ሰዓት ዝግጅት፣ ሪካርዶ ሻዪ የሚመራው ኦርኬስትራ የሞዛርትን ዲ ማይነር በሚባለው ቅኝት የተጻፈ ኮንሰርቶ ይጀምራል። እሷ ተዘጋጅታ የመጣችው ለሌላ የሞዛርት ኮንሰርቶ ነው! ፊቷ ላይ ድንጋጤው ይታያል። ሻዪ እየመራ ያደፋፍራታል። ተራዋ ሲደርስ ገብታ በቃሏ ተጫወተችው። ሁሉም «እንዴት ያለ የማስታወስ ችሎታ!» ይላል። ልክ ነው። እኔ ግን ከመግባቷ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ነው የማያቸው። ኦርኬስትራው ተረብሾ ጨለም ያለ ሙዚቃ ሲጫወት ከመስማት በቀር ምንም ማድረግ አትችልም። ከዚያ ፒያኖው እስካሁን ያልተሰማ፣ ብቸኝነት ያለበት ዜማ ይዞ ይገባል። ያንን ግርግር ሰምቶ ያልመጣ ሰው ያችን ዜማ እንዲያ ሊላት አይችልም።

ጣት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ፒያኒስቱ ብቻውን የሚቀርበት ካዴንዛ የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ችሎታ የሌለው ሰው ወዲያው ይጋለጣል። ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙም ቀርተው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒውዮርክ ውስጥ የኦርኬስትራ መሪው ሊዮናርድ በርንስታይን የብራምስን 1ኛ ኮንሰርቶ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሕዝቡ ዞሮ በፒያኒስቱ በግሌን ጉልድ አጨዋወት እንደማይስማማ ተናገረ። ከዚያ ግን የመሪነት ዱላውን አንስቶ እስከ መጨረሻው መራለት። ሰው የሚያስታውሰው ንግግሩን ነው።

የምወዳት አንዲት ቦታ ደግሞ አለች። የራቬል የጂ ሜጀር ኮንሰርቶ፣ ሁለተኛው ክፍል። ፒያኒስቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻውን ይጫወታል፤ ዜማው ከማማሩ የተነሳ ለማንም የሚሰጠው አይመስልም። ወደ መጨረሻው ግን ኮር አንግሌ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ያንኑ ዜማ ይወስደዋል። ፒያኖው በዙሪያው ቀጭን ጥልፍ መጥለፍ ብቻ ይቀረዋል። እዚያ ስትደርሱ እጆቹን ተዉአቸውና ፊቱን ተመልከቱ፤ ዓይኑ ወደ ማን እንደሄደ።