ፋየርዎሉ ይጥፋ ወይስ አይጥፋ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሆስት (ማሽኖቹን በተሸከመ ኮምፒውተር) ላይ ሁለት የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች) አሉ። አንዱ ላይ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ፣ ሌላው ላይ አፕሊኬሽን ተጭኗል። አፕሊኬሽኑ በፖርት 5432 (በዳታቤዙ በር) ሊገናኝ ሲሞክር መልስ የለም፤ ቆይቶ ታይምአውት ይላል። ታዲያ ከሁሉ በፊት ፋየርዎሉን (የኔትወርክ ትራፊክ የሚያሳልፈውንና የሚከለክለውን አጥር) አጥፍቶ መሞከር ያዋጣል?

ይጥፋ፦ ያዋጣል እንጂ! አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አጥፍቼው ከተገናኘ ጥፋተኛው ታወቀ። ካልተገናኘ ፋየርዎሉን ትቼ ወደ ሌላው አልፋለሁ። የፋየርዎሉን ደንብ ሩል በሩል ሲያነብ ግማሽ ቀን የሚገድል ሰው ሞልቷል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አይደለም። ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራውን ቨርቹዋልቦክስን ውሰድ። ሁለቱም ማሽኖች ተራው ናት (NAT፣ በሆስቱ አድራሻ ወደ ውጭ የሚያወጣ አሠራር) ላይ ከሆኑ ሁለቱም 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይዘው ታገኛቸዋለህ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ናት ውስጥ ስለሆኑ አይተያዩም። እርስ በርስ በሚያገናኛቸው ናት ኔትወርክ ወይም ሆስት ኦንሊ ላይ ካላደረግሃቸው ሩሉን ብታሸው ምን ሊፈይድ?

አይጥፋ፦ ልክ ነህ፤ ግን አድራሻ ለማየት ፋየርዎል ማጥፋት አያስፈልግም። ይልቅ አጥፍተኸው ሲሠራ ምን አወቅህ? «ፋየርዎል ነው» ከማለት በቀር ምንም። የሊኑክሱ ፋየርዎል አይፒቴብልስ ሩሎችን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። ከላይ ሁሉንም የሚከለክል ሩል እያለ ብዙ ሰው 5432ን የሚፈቅደውን ከሥሩ ይጨምራል። ዝርዝሩ ላይ ሩሉ አለ፤ ትራፊኩ ግን እሱ ጋ አይደርስም። ዝርዝሩን ከነቆጣሪው ብታወጣው አጠገቡ 0 ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) የሚል ታያለህ። ጨዋታው ያለው እዚያች ዜሮ ላይ ነው። ደግሞ በኤስኤስኤች (ከርቀት) ገብተህ፣ ዲፎልት ፖሊሲው (ሩል ያላገኘ ትራፊክ የሚገጥመው) ድሮፕ፣ ማለትም መጣል፣ መሆኑን ሳታይ ሩሎቹን ብትጠርግ ራስህን ውጭ ትቆልፋለህ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ይጥፋ፦ ቨርቹዋል ማሽን እኮ ነው ወዳጄ! ከውጭ ብቆለፍ በኮንሶል እገባለሁ፤ ወደ ቀድሞው ሁኔታ የሚመልስ ስናፕሾትም አለ። ለመሞከሪያ ማሽን እዳው ገብስ ነው። ደንበኛ የሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ አድርጉት አላልኩም። የስህተት መልእክቱም ቢሆን ያሳስታል። ፋየርዎልዲ (የሊኑክስ ፋየርዎል ማስተዳደሪያ) የከለከለው ግንኙነት «ኖ ራውት ቱ ሆስት» (ወደ ማሽኑ መንገድ የለም) ብሎ ሊመጣ ይችላል። ይህን ያየ ሰው የራውቲንግ ሠንጠረዥ ሲያገላብጥ ይውላል። አጥፍቶ ቢሞክረው ግን ወዲያው ቁርጡን ያውቅ ነበር።

አይጥፋ፦ ቁርጡን አያውቅም፤ ላሳይህ። ሆስቱ ሊኑክስ ነው እንበል፤ ማሽኖቹ በብሪጅ (ሆስቱ ውስጥ ባለ የሶፍትዌር ስዊች) ተገናኝተዋል። አንድ ቀን ሆስቱ ላይ ዶከር (ኮንቴይነር የሚባሉ የተከለሉ ፕሮግራሞችን የሚያሠራ) ተጫነ። ዶከር የሆስቱን የፎርዋርድ ፖሊሲ (በእሱ በኩል የሚያልፈውን ትራፊክ የሚመለከተውን) ድሮፕ ሊያደርገው ይችላል። ብሪጁ ላይ የሚያልፈው ትራፊክም በአይፒቴብልስ እንዲፈተሽ ከተደረገ በማሽኖቹ መካከል ያለው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። አንተ የሁለቱንም ማሽኖች ፋየርዎል ታጠፋለህ፤ አሁንም አይገናኙም። በራስህ ስሌት «እንግዲያው ፋየርዎል አይደለም» ብለህ ታልፋለህ። ፋየርዎል ነበር እኮ! የሆስቱ።

የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን ሁለቱም ማሽኖች ላይ ክፈትና አፕሊኬሽኑ እንዲገናኝ አድርግ። ቲሲፒደምፕ የሚገባውን ፓኬት ፋየርዎሉ ሳይነካው፣ የሚወጣውን ደግሞ ፋየርዎሉ ካሳለፈው በኋላ ያያል። ግንኙነት የሚጀምረው ሲን ፓኬት ከላኪው ካልወጣ ችግሩ እዚያው ላኪው ጋ ነው። ወጥቶ ዳታቤዙ ጋ ካልደረሰ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ሆስቱን ጠይቅ። ደርሶ መልስ ካጣ የዳታቤዙን ማሽን ሩሎች ያዝ። ምንም አላጠፋህም፤ የት እንደቀረ ግን አወቅህ።

ይጥፋ፦ የሆስቱ ነገር ገብቶኛል። ታዲያ ሦስቱንም ተራ በተራ ላጥፋቸዋ! አንድ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ይሁን። ቲሲፒደምፕ ማንበብ የማይችል ጀማሪስ ምን ይሁን ትላለህ?

አይጥፋ፦ ጀማሪው ማንበብ ያለበት አንድ መስመር ነው፤ 5432 የሚል ቁጥር መጣ ወይስ አልመጣም። ሆስቱን ግን ተው። እዚያ የናት ሠንጠረዡን አብረህ ከጠረግኸው፣ በዚያ ናት በኩል ኢንተርኔት የሚያገኙት ሌሎቹ ማሽኖችና ኮንቴይነሮች ሁሉ ባልበሉት ዕዳ ይቆረጣሉ። ያኔ የምትፈልገው ችግር ሁለት ሆነ።