ማት ገዝቶ መስታወት ማድረግ

ሞተር ሳይክል የሚሠሩ መሐንዲሶች የዋሆች ናቸው። ከቀለሙ በላይ በሚቀባው ግልጽ ቫርኒሽ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ይቀላቅላሉ። ገጹ በትንሹ ይሻክራል። ብርሃን ሲያርፍበት ይበታተናል እንጂ ተመልሶ ዓይን አይወጋም። ይሄን ሁሉ የሚለፉት ሞተሩ እንዳያብረቀርቅ ነው። ስሙንም «ማት» ይሉታል። ምስኪኖች! ሐዋሳ መጥተው አንድ ላቫጆ ደጃፍ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ ኖሮ ይህን ያህል ባልደከሙ። እነሱ የለፉበትን የእኛ ልጆች በብጣሽ ጨርቅና በአንድ ጣሳ ናፍጣ ያርሙታል።

ባለ ሞተሩንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ቀይ ቀርቦለት ነበር። «አይ፣ እኔ ማት ብላኩን ነው የምፈልገው» አለ። እስኪመጣለት ጠበቀ። ሞተሩ እጁ በገባ ማግስት የት ሄደ? ላቫጆ። ቆሽሾ አይደለም። አዲስ ዕቃ ካላበራ ማን አዲስ ይለዋል?

ሰዓቱንም ያውቅበታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይደርሳል። የጭስ ማውጫው ማርሚታ እንደጋለ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ሲለቀቅበት «ጭሽሽ» ይላል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ደስ ይለዋል። አጣቢው የፓምፑን አፈሙዝ የጎማው መሀል፣ ኩሽኔታው ያለበት ቦታ ላይ ይደግናል። ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ግራሶ ወደ ውጭ ብቅ ይላል።

«አየኸው ቆሻሻውን?» ይላል።

ባለቤቱ በግርምት ራሱን ይነቀንቃል። ፋብሪካው ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ደብቆ ነው እንዴ የሸጠለት?

ከዚያ ሳሙና ነው። ኦሞ ይበጠበጣል፣ ላርጎም ጠብ ይደረግበታል። ስፖንጁ ቅድም የገልባጭ ጎማ ሲታሽበት የነበረው ነው። አሸዋው ገና አለቀቀውም። ይሁን፤ ያለ አሸዋ ምን መፈግፈግ አለ?

«አለቃ፣ በናፍጣ ልለፍበት?»

«እለፍበት! ፏ ይበል!»

ያልፍበታል። የነዳጅ ታንከሩን፣ ፓራፋንጎውን፣ ጎንና ጎኑን። ለአንድ ሰዓት ያህል በእርግጥም ፏ ይላል። ከዚያ ዘይቱ የከተማውን አቧራ በሙሉ ይጠራል፣ አቧራውም እሺ ብሎ ይመጣል። ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። አሁን ፖሊሽ ነው የሚያስፈልገው። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጥበብ። ፖሊሽ ያንን ሻካራ ገጽ እየላገ ያስተካክለዋል። እጅ የጠነከረበት ቦታ ያበራል፣ እጅ የሳሳበት ቦታ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ባለ ማት ብላኩ ሞተር የሜዳ አህያ ይሆናል። ፋብሪካ ያላሰበው ልዩ ዲዛይን!

ደግሞም አይለቅም። የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲጫር በፖሊሽ ይታረማል። ማት ግን አንዴ ካበራ መልሶ የሚያደበዝዘው ፖሊሽ የለም። መፍትሔው እንደገና መቀባት ብቻ ነው። ስለዚህ የቀለም ቀቢዎቻችንም እንጀራ ታስቦበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ለሰው አሳቢነት የት ይገኛል?

የፍሬኑ ዲስክም ተለይቶ አይቀርም። በዚያው በናፍጣው ጨርቅ ይታሻል። የፍሬን ሸራውም የድርሻውን ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ቶሎ አይቆምም። ቢሆንስ? የቆመ ሞተር ማን ያየዋል? ጎማው ደግሞ መሬት የሚነካው ክፍል ሳይቀር ጥቁር በሚያደርገው ቅባት ይወለወላል። ኩርባ ላይ ሞተሩ ሲጋደም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። አንድ ኩርባ ይበቃል።

እጣቢውስ? እሱ አያሳስብም። ቦዩን ተከትሎ ቁልቁል ይሄዳል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይከርማል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዶ ዓሳ ለሚበላ ሰው ይሄ ትልቅ ቁጠባ ነው። ዓሳው ዘይቱን ይዞ ከመጣ መጥበሻው ላይ ምን ይጨመራል?

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን መቀመጫው ላይ ያለውን ላስቲክ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ የነበረው ላስቲክ። አልተነሳም። አይነሳምም። በፀሐይ ይግላል፣ በዝናብ ውሃ ይቋጥራል፣ ከኋላ የተቀመጠችውን እህታችንን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ፊት ያንሸራትታል (ፍሬኑ ከያዘ ማለቴ ነው)። ጠርዙ ተቀዶ ይውለበለባል። ባለቤቱ ግን በፕላስተር ይለጥፈዋል። የቤታችን ሪሞት ቁልፉ እስኪጠፋ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚኖር ሰዎች ነን፤ ይገባናል። እናም ጥበቃ የማያስፈልገው መቀመጫ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ አትንኩኝ የሚለው ታንከር በናፍጣ ይታሻል። ይህን ፍልስፍና የተረዳ የውጭ አገር መሐንዲስ እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ከዚህ ሥልጣኔ ወደ ኋላ የቀረ። ሞተሩን ጥላ ሥር ያቆማል። እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ሁለት ባልዲ ያወጣል፦ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቅ ማለቅለቂያ። ሳሙናው ለስላሳ የመኪና ሻምፖ ነው። መጀመሪያ አቧራውን በቀስታ ውሃ ያወርደዋል፣ ከዚያ ሳይጫን ያብሳል፣ ያለቀልቃል። ጠብታው ፀሐይ ላይ ደርቆ የጨው ክብ እንዳይሠራ ወዲያው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መታ መታ ያደርገዋል። ሰም የለ፣ ፖሊሽ የለ። ናፍጣ ሲያይ ይሸሻል። ካቴናውን ለብቻው ያጸዳል፣ ዘይት ይቀባል፣ የተረፈውን ይጠርጋል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሞተሩ ዛሬም እንደተገዛበት ቀን ደብዛዛ ነው! ሰፈሩ ያዝንለታል። «ምነው ወንድሜ፣ ሞተርህን አታጥበውም እንዴ?» ይሉታል። ባለፈው የላቫጆው ልጅ አንጀቱ አልችል ብሎ፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ፣ ጨርቁን ናፍጣ አጥቅሶ መጣለት። «ለጽድቅ ነው» አለው። ጎረቤቴ ባልዲውን ጥሎ ታንከሩ ላይ ተደፋበት። ውለታ የማያውቅ!